እንጀራውን ተከትሎ የተሰደደው ትኋን፦ ከአሜሪካ ድንች ማሳ እስከ ህንድ ቅንጨ አረም

ሰሜን ህንድ ውስጥ፣ እኛ ቅንጨ አረም በምንለው ተክል ላይ፣ ጥቁርና ቀይ የለበሰ ትኋን (የአልጋው ሳይሆን ተክል ላይ የሚኖረው ዓይነት) አንዲት ጥንዚዛ በአፉ ወግቶ ሲመጥ ተገኘ። ግኝቱ በ2015 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአላፊ አግዳሚ ነገሩ ምንም አይደለም፤ ትኋን ጥንዚዛ በላ፣ አለቀ። የነፍሳትን ስርጭት ለሚከታተል ሰው ግን እንቆቅልሽ ነው። ትኋኑ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው። መጻሕፍቱ የሚያውቁት «የኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ አዳኝ» ብለው ነው። ህንድ ውስጥ ደግሞ የኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ የለም።

ታዲያ ምን ሊበላ ሄደ? ይህ የጉዳይ ጥናት የሚከተለው ያንን ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከህንድ ወደ ኋላ፣ በደቡብ ሩሲያና በባልካን በኩል አድርገን እስከ አሜሪካዋ ነብራስካ መመለስ ይኖርብናል። በመጨረሻ ደግሞ፣ ሳንፈልገውም ቢሆን፣ ወለንጭቲ ያደርሰናል።

ትኋኑ ማነው

ሳይንሳዊ ስሙ ፔሪለስ ባዮኩላተስ ነው። ሁለተኛው ቃል ላቲን ሆኖ «ባለ ሁለት ዓይን» ማለት ነው። ዓይን የተባሉት ግን ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ትከሻው ላይ የተቀመጡ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ስሙን ያወጣለት ዴንማርካዊው ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ ሲሆን ዘመኑም 1775 ነው። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቅርጹ ጋሻ የሚመስል ትኋን ነው። እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ሲነኩት ይገማል።

ዘመዶቹ አብዛኞቹ የገበሬ ጠላቶች ናቸው፤ የሚኖሩት ቅጠልና ፍሬ እየመጠጡ ነው። ከቤተሰቡ ወደ ሥጋ የዞረው አንድ ንዑስ ወገን ብቻ ነው፣ የእኛም ትኋን የዚያ ወገን ነው። ልዩነቱ አፉ ላይ ይታያል። ተክል የሚመጠው ትኋን አፍ ቀጭን ነው፣ እንደ መርፌ ከደረቱ ሥር ተለጥፎ ይተኛል። አዳኙ ግን ወፍራምና ጠንካራ አፍ አለው፤ ወደ ፊት ዘርግቶ የጥንዚዛውን እጭ ይወጋል፣ ምራቁን ያስገባል፣ የሟሟውን ይመጣል። ከራሱ የሚበልጥ እጭ አፉ ላይ አንጠልጥሎ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የአፍ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። ጥቁሩ መደብ ላይ ያለው ጌጥ አንዳንዴ ነጭ፣ አንዳንዴ ቢጫ፣ አንዳንዴ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1924 ባሳተሙት ሥራ ቢጫና ቀዩ የሚመጣው ከካሮቲን መሆኑን አሳዩ። ካሮቲኑ ከድንች ቅጠል ወደ ጥንዚዛው ደም ይገባል፣ ከጥንዚዛው ደም ደግሞ ወደ ትኋኑ ቆዳ ይሸጋገራል። ሙቀትና ብርድም ድርሻ አላቸው፤ በብርድ ያደገው ይጠቁራል። እንግዲህ ይህ ፍጥረት የበላው ነገር ላዩ ላይ ይነበባል ማለት ነው። ለመልክዓ ምድር ጥናት ግን ይኸው ጌጥ ችግር ፈጥሯል፦ አንዱ ዝርያ በአንድ አገር ቀይ፣ በሌላ አገር ነጭ ሆኖ ሲገኝ የሚያየው ሰው ይሳሳታል።

ሴቷ እንቁላሏን ቅጠል ላይ በመስመር ደርድራ ትጥላለች። ልጆቹ እንደተፈለፈሉ ወዲያው አያድኑም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃና የተክል ጭማቂ እየቀመሱ ያሳልፋሉ። ቆዳቸውን አንድ ጊዜ ከቀየሩ በኋላ ግን በቡድን ሆነው የጥንዚዛ እንቁላል ላይ ይዘምታሉ። አምስት ደረጃ አልፈው ያድጋሉ። ብርዱ ሲመጣ ያደጉት ከወደቀ ቅጠልና ከአፈር ሥር ገብተው ያንቀላፋሉ።

የስርጭቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእንቅልፉ የሚነሳው ትኋን ለወራት ያልበላ፣ ስቡን የጨረሰ ፍጥረት ነው። በነቃበት ሳምንት አጠገቡ ለስላሳ እጭ ከሌለ ሴቷ እንቁላል አትጥልም። በጋው ቢሞላ፣ ማሳው በጥንዚዛ ቢወረር፣ ለሞተች ሴት ምን ይረባታል?

ድንች የኋላ እንጀራው ናት

ሰዎች ትኋኑን ከድንች ጋር ማያያዛቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ትኋኑ ስም ያገኘው በ1775 ነው። የኮሎራዶ ጥንዚዛ ስም ያገኘው ቶማስ ሴይ በተባለ አሜሪካዊ በ1824 ነው። ያ ጥንዚዛ የድንች ጠር ሆኖ ነብራስካ ላይ የታየው ደግሞ በ1859። ከዚያ በፊት ጥንዚዛው በአሜሪካ ምዕራባዊ ሜዳ የሚበቅል፣ ከድንችና ከቲማቲም ጋር የሚዛመድ እሾሃማ የዱር ተክል እየበላ ሰው ሳያውቀው ይኖር ነበር። ሰፋሪዎች ድንች ይዘው ወደ ምዕራብ ሲመጡ አዲስ ማዕድ አገኘና ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ በ1874 አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ደረሰ። አሥራ አምስት ዓመት ብቻ!

ትኋኑም ከኋላ ተከተለ። የዛሬ ስርጭቱ ከሜክሲኮ ተነስቶ አሜሪካን አቋርጦ ደቡባዊ ካናዳን ይይዛል። በኋላ የጻፉ ተመራማሪዎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሰፋው ጥንዚዛውን ተከትሎ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ላይ ትንሽ እጠነቀቃለሁ። በ1775 የአውሮፓ ሰብሳቢዎች እጅ ወደ ምዕራቡ ሜዳ እምብዛም አልደረሰም ነበር፤ የፋብሪሲየስ ናሙና ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ትኋኑ ድንችም ጥንዚዛም ሳይደርስ ከዚያ ሜዳ ውጭ ጭምር ይኖር እንደነበር መገመት አይከብድም። ያ ከሆነ ጥንዚዛው ያደረገው ነገር ትኋኑን ማስፋት ሳይሆን ማብዛት ይሆናል። አምስት የነበሩበት ቦታ አምስት ሺህ ሲሆኑ ሰው «አዲስ መጣ» ይላል።

ለማንኛውም ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሐቅ አንድ ነው፦ ትኋኑ የድንች ጥንዚዛ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ነገር ይበላ ነበር። የሚወደው ደግሞ ቅጠል በል ጥንዚዛዎችን ነው፣ በተለይም ክብ ጀርባ ያላቸውን፣ እጫቸው ወፍራምና ዝግተኛ የሆነውን ወገን። ይህን የረሳ ሁሉ በኋላ ካርታውን ሲሳሳት እናያለን።

በገዛ አገሩም ቢሆን ትኋኑ ብቻውን ድንችን አያድንም። ተባይ ማጥፊያ ሲረጭ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ በ1990ዎቹ በብዛት አርብቶ ማሳ ላይ የመልቀቅ ሙከራ ተደርጎ ጥንዚዛውን መቀነስ እንደሚችል ታይቷል፤ በኋላም ትኋኖቹን በትራክተር ላይ በተጫነ መሣሪያ ማሳው ላይ የማከፋፈል ጥናት ቀጥሏል። የሚያደናቅፈው ማርባቱ ነው። አዳኝን ለመቀለብ መጀመሪያ ታዳኙን መቀለብ ያስፈልጋል፤ ለታዳኙ ደግሞ ድንች መትከል።

አውሮፓ፦ «አልተሳካም» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ

ጥንዚዛው ጀርመን ውስጥ በ1877 ታይቶ ማሳው ተቃጥሎ ጠፍቶ ነበር። በ1922 ግን ፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ተደላድሎ ተገኘ፣ ከዚያ በኋላ የቆመ ነገር የለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምሥራቅ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1950 «የአሜሪካ አውሮፕላኖች ናቸው የጣሉብን» ብሎ ዘመቻ ከፍቶ ተማሪዎችን ለቀማ አሰማርቶ ነበር። ጥንዚዛው ፖስተር ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ለብሶ ተሳለ። በእርግጥ ጥንዚዛ አውሮፕላን አያስፈልገውም፤ ነፋስና የድንች ጆንያ ይበቃዋል።

ከጥንዚዛው አገር አዳኙን ማምጣት የሚለው ሐሳብ በዚህ መሃል ተወለደ። ፈረንሳይ በ1930ዎቹ ጀመረች። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን፣ ሃንጋሪ፣ ፖላንድ፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት ተከተሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ተራባ፣ ማሳ ላይ ተለቀቀ፣ በበጋው ጥንዚዛውን በደንብ በላ። በቀጣዩ ጸደይ ሲፈለግ ግን የለም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተለቀቀ፣ እንደገና ጠፋ። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በየማጠቃለያው የተጻፈው ቃል ተመሳሳይ ነበር፦ አልተላመደም።

ለምን እንዳልተላመደ ሲያስረዱ ሁለት ነገር ይነሳ ነበር። አንዱ ብርዱ ነው፤ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ብዙው ይሞታል። ሁለተኛው ከላይ ያነሳሁት የጸደይ ረሃብ ነው። ትኋኑ ፀሐይ እንደሞቀች ቀድሞ ይነቃል፤ ድንች ገና አልበቀለም፣ ጥንዚዛውም ከአፈር አልወጣም። እንግዳ ቤት ቀድሞ ደርሶ ማዕድ እስኪቀርብ እንደመጠበቅ ነው። የጠበቀው ይሞታል፣ ያልጠበቀው ይበርራል፣ የበረረው ደግሞ በሰፊ አገር ላይ ተበትኖ ጾታ ከጾታ ሳይገናኝ ይቀራል።

ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቱርክ ውስጥ፣ በአውሮፓ በኩል ባለው የትሬስ ምድር፣ ድንችና ባዝንጃን ላይ ማንም ያልለቀቀው ትኋን ተገኘ። ግሪክ ላይ ተመዘገበ። ቡልጋሪያ ላይ ተመዘገበ። ሰርቢያ በ2012 መኖሩን አሳተመች። ሞልዶቫም ጨመረች። መዝገቡ የተዘጋበት ፍጥረት ከጥቁር ባሕር ዙሪያ አንድ በአንድ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ የተመራማሪዎቹን ቋንቋ መታዘብ ያስፈልጋል። «ፈለግን፣ አላገኘንም» ማለትና «የለም» ማለት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ፈላጊው ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ትኋኑ። ለአርባ ዓመት ያህል መጻሕፍቱ ሁለተኛውን እየጻፉ ኖሩ፣ በእጃቸው የነበረው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነበር። የተለቀቀው እንደ ፖላንድና ጀርመን ባሉ አገሮች ነው፣ የተፈለገውም እዚያው የድንች ማሳ ላይ። ትኋኑ ደግሞ የተገኘው ሞቃቱ ደቡብ ላይ ነው፤ አንዳንዱም ከድንች ማሳ ውጭ።

ክራስኖዳር፦ የጸደይ ማዕድ

ከሁሉም ቦታዎች ምክንያቱን የነገረን የደቡብ ሩሲያው ክራስኖዳር ነው። ነገሩን ለመረዳት ግን ከትኋን ወጥተን ወደ አረም መግባት አለብን።

አምብሮዥያ የሚባል የሰሜን አሜሪካ አረም ሶቪየት ኅብረት ደቡብ ገብቶ እርሻ ያበላሽ ነበር። ብናኙ ደግሞ ሰውን ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቀላል፣ አስም ያስነሳል፤ የነሐሴ ወር ሲደርስ በዚያ አገር ብዙ ሰው መሐረብ ከእጁ አይለይም። የሶቪየት ሳይንቲስቶች አረሙን የምትበላ ትንሽ ባለ መስመር ጥንዚዛ ከሰሜን አሜሪካ አምጥተው በ1978 ስታቭሮፖል አካባቢ ለቀቁ። ወገኗ ዚጎግራማ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ተአምር ሠራች፤ ጥንዚዛዎቹ በአንድ ግንባር ተሰልፈው እንደ ማዕበል እየተንቀሳቀሱ አረሙን ጠርገው ሲያልፉ ታዩ። ከዚያ በኋላ ማዕበሉ በረደ። ጥንዚዛዋ አገሩን ሞላች፣ ግን በየቦታው ጥቂት ጥቂት ሆና። አረሙም አልጠፋም።

ይህች ጥንዚዛ የኮሎራዶ ጥንዚዛ የቅርብ ዘመድ ናት። ቅርጿ ክብ፣ እጯ ለስላሳና ዝግተኛ። የምትበላው አረም ደግሞ የሰው እጅ አይጠብቅም፤ ማንም ሳይተክለው ቀድሞ ይበቅላል፣ ጥንዚዛዋም ከሱ ጋር ትነሳለች።

በ2000ዎቹ መጨረሻ የክራስኖዳር ተመራማሪዎች ባለ ሁለት ነጥቡን ትኋን አምብሮዥያ ላይ አገኙት፣ በ2010 አሳተሙት። በጸደይ የሚበላው የዚጎግራማን እጭ ነው፤ ድንቹ አድጎ የኮሎራዶ ጥንዚዛ ሲበዛ ወደዚያ ይሸጋገራል። ተመራማሪዎቹ መላመዱን ያያያዙት ከዚህ የጸደይ ምግብ ጋር ነው። የፈረንሳይና የፖላንድ ትኋን የጎደለው ይህ ነበር ማለት ነው። ብርዱን መቋቋም አቅቶት ብቻ አይደለም፣ በነቃበት ቀን የሚቀርብለት ስላጣ ነው። በእርግጥ የደቡቡ ሙቀት ረድቶታል፣ ክረምቱ እየቀለለ መሄዱም ሳይረዳው አይቀርም። ያለ ማዕድ ግን ሙቀት ብቻውን አያኖርም።

ምጸቱን ማለፍ አልችልም። አንዱ አገር በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች በኩል ሁለት የተለያዩ ረዳቶችን አስመጣ፤ አንዱን ለድንች፣ አንዱን ለአረም። ለአረም የመጣችው ረዳት ለድንች ለመጣው ረዳት ምሳ ሆነች። ድንች ገበሬው ትኋኑን ይመርቃል። አምብሮዥያ የሚያስነጥሰው ሰው ግን፣ ቢያውቀው፣ ይረግመው ነበር። ስለዚህ «ጠቃሚ ነፍሳት» የሚለው አነጋገር ቦታ ሳይጠቀስ ትርጉም የለውም።

ወደ ህንድ

አሁን የህንዱ እንቆቅልሽ ራሱን ይፈታል። ህንድ የኮሎራዶ ጥንዚዛ የላትም። ሌላዋ ዚጎግራማ ግን አለቻት።

ፓርቴኒየም፣ ማለትም ቅንጨ አረም፣ የአሜሪካ ሞቃት ክፍል ተክል ነው። ህንድን ከወረረ በኋላ የአገሪቱ ሳይንቲስቶች ሁለት ቀለም ያላትን ዚጎግራማ ከሜክሲኮ አምጥተው በ1984 ባንጋሎር ላይ ለቀቋት። ጥቂት ቆይቶ ጠብ ተነሳ፤ ጥንዚዛዋ የሱፍ አበባ ሰብል ላይ ታየች ተባለና መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ እስከማቋቋም ደረሰ። ጠቡ በረደ፣ ጥንዚዛዋ ግን ጉዞዋን አላቋረጠችም። ሰሜን ህንድን ይዛ ድንበር ተሻግራ ፓኪስታንና ኔፓል ገባች። ፓስፖርት የጠየቃት የለም።

ሜክሲኮ ውስጥ ትኋኑና ይህች ጥንዚዛ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ሰሜን ህንድ ላይ ሲገናኙ ትኋኑ ያደረገው አዲስ ነገር የለም፣ አዲሱ ቦታው ብቻ ነው። በ2015 የታተመው የህንድ መዝገብ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ትኋኑ የተገኘው ድንች ላይ ሳይሆን በቅንጨ አረም ላይ ይህችን ጥንዚዛ ሲያድን ነው።

ሦስቱን ቦታዎች አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ነገር ይደጋገማል። አሜሪካዊ ተክል ቀድሞ ይገባል፤ ድንች በሰው ፈቃድ፣ አምብሮዥያና ፓርቴኒየም በእህልና በዘር ውስጥ ተደብቀው። ከዚያ አሜሪካዊት ጥንዚዛ ትከተላለች፤ አንዷ ሾልካ፣ ሁለቱ በሳይንቲስት እጅ። በመጨረሻ ትኋኑ ይደርሳል። ሰው በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የአሜሪካን የምግብ ሰንሰለት ቁርጥራጭ እየቆረሰ በሌላ አህጉር ሲገጣጥም ቆይቷል፤ የመጨረሻው ቁራጭ ግን ሲገጠም የሚነገረው ከዓመታት በኋላ ነው። የትኋኑን ስርጭት በአየር ጠባይ ካርታ ብቻ የሚተነብይ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ዝናብና ሙቀት «የት መኖር ይችላል» ለሚለው ይመልሳሉ። «የት አለ» ለሚለው የሚመልሰው ክብ ጀርባ ያለው ቅጠል በል ጥንዚዛ የት አለ የሚለው ነው።

ህንድ ላይ ግን የተለየ ፈተና አለበት። ዚጎግራማዋ የምትሠራው በዝናቡ ወራት ነው፤ ደረቁ ወቅት ሲመጣ አፈር ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ትኋኑ ያን ክፍተት በእንቅልፍ ወይም በሌላ ቅጠል በል ነፍሳት መሸፈን አለበት። ከሸፈነው ይሰፋል። ካልሸፈነው የፖላንድ ታሪክ በሙቀት አገር ይደገማል።

አውሮፓ ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ሳይጀምር አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። በ2013 ሰሜን ጣሊያንና ደቡብ ስዊዘርላንድ ላይ ሌላ አምብሮዥያ በል ጥንዚዛ፣ ኦፍራኤላ፣ ማንም ሳያመጣት ተገኘች፤ ከዚያም ወደ ባልካን ሰፋች። ትኋኑ ደግሞ ባልካን ተቀምጦ ይጠብቃታል። የአውሮፓን ብናኝ ለመቀነስ ተስፋ የተጣለባት እሷ ላይ ነው።

ካርታው ላይ ያሉ ባዶ ቦታዎች

የአንድ ነፍሳት ስርጭት ካርታ የሚሠራው ነጥብ በነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ቦታ አይቶ፣ አውቆ፣ ጽፎታል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነጥብ የለም። ባለ ሁለት ነጥቡ ትኋን ዘንድ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ነው፣ ማወቁ።

አውሮፓ ውስጥ ጎመን የሚመጡ ቀይና ጥቁር ትኋኖች ሞልተዋል። ገበሬው ከልጅነቱ ጀምሮ ጠላቶቹ መሆናቸውን ያውቃል፤ ቀይና ጥቁር ሲያይ ይጨፈልቃል። ከዚህ ላይ የትኋኑ ጌጥ ከቀይ ወደ ነጭ የሚለዋወጥ መሆኑን ጨምሩበት። የአረም ተመራማሪው ተክሉን ያያል፣ የድንች ባለሙያው ጥንዚዛውን ይቆጥራል፤ ትኋኑ የሁለቱም ሥራ አይደለም። የዛሬ ዘመን ፎቶ ማንሻ ስልክና እንደ አይናቹራሊስት ያሉ፣ ሰዎች ያዩትን ፍጥረት ፎቶ የሚለጥፉባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ይህን ትንሽ ለውጠውታል፤ ከአንድ የጓሮ ድንች የተነሳ ፎቶ ከአሥር ዓመት ዝምታ በላይ ይናገራል።

ወለንጭቲ

ቅንጨ አረም እኛ ዘንድ ከገባ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስሙ የመጣው ነጫጭ አበቦቹ የተከካ እህል፣ ቅንጨ፣ ስለሚመስሉ ነው። ሐረርጌ ላይ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል፣ «አስፈራሚ» እንደማለት፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚል አረም። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል፣ ሲያርሙት እጅ ያሳክካል።

ወደ ኢትዮጵያም ዚጎግራማዋ መጥታለች። ከደቡብ አፍሪካ ተወስዳ በአምቦ ኳራንቲን ውስጥ ተፈተነች። ፈተናው ከባድ ነበር፤ ኑግ የቅንጨ አረም ዘመድ በመሆኑ ኑጋችንን ትበላለች ወይ የሚለው ሳይመለስ መልቀቅ አይታሰብም ነበር። ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር በመራው ሥራ በ2016 ወለንጭቲ ላይ ተለቀቀች።

የኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ትኋኑን የድንች ጥንዚዛ አዳኝ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው እኛን ከካርታው ያወጣናል። የህንድን ጉዳይ ያነበበ ግን አያወጣንም፤ ሁለቱ ቁርጥራጮች፣ አረሙና ጥንዚዛዋ፣ እዚህ ተገጣጥመዋል። ትኋኑ ቢመጣ ለእኛ የሚጠቅመው ነገር አይታየኝም፤ የሚበላው ስንት ዓመት ተፈትና የመጣችውን ጥንዚዛ ነው። ለዚህም ነው ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ነፍሳት ኳራንቲን ውስጥ ትውልድ እየተራባ የሚቆየው፤ ከሱ ጋር ሌላ እንቁላል፣ ሌላ ጥገኛ፣ ሌላ አዳኝ ተሸክሞ እንዳይወጣ።

ጥንዚዛዋ በተለቀቀችበት አካባቢ አረም የሚቆጥር የልማት ሠራተኛ ወይም ተማሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት ይችላል። ቅንጨ አረም ላይ ጥቁርና ቀይ ትኋን ካየ ቶሎ አይጨፍልቀው፣ ቶሎም አይደነግጥ። ምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ባለ ጌጥ የጎመን ትኋን አለው፣ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የጎመኑ ትኋን ያነሰ ነው፣ ጌጡም ዝንጉርጉር። ገልብጦ አፉን ይመልከት። ቀጭንና ደረቱ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ቅጠል መጣጭ ነው፤ ጎመን ወይም ሰናፍጭ በአቅራቢያው ይኖራል። ወፍራም ሆኖ የዚጎግራማ እጭ ከጫፉ ከተንጠለጠለበት ግን በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍ፣ ትኋኑን አልኮል ባለበት ጠርሙስ አድርጎ ወደ አምቦ ይላክ።